አፍ ያልፈታ ልጅ ዓይኑ በምን ይለካል? የወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ዓይን ናቸው፤ እስቲ ጥቂቱን ላንሳ።

«ልጄ 5 ወሩ ነው። ፊደል አይቆጥር፣ አይናገር፤ ሐኪም ማየቱን በምን ያውቃል?» (ደሴ፣ ሸዋበር)

በደንብ ይታወቃል! ሕፃን ባዶ ወረቀትና መስመር ያለበት ወረቀት አብረው ቢቀርቡለት ዓይኑ ወደ መስመሩ ነው የሚሄደው። ሮበርት ፋንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሕፃናት እንዲህ እንደሚመርጡ ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። በኋላ ዴቪዳ ቴለር የምትባል ሳይንቲስት በዚሁ መነሻ የመመርመሪያ ካርዶች አዘጋጀች። ካርዱ ግራጫ ነው፣ በአንድ ጎኑ ጥቁርና ነጭ መስመር አለው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። አንቺ ልጅሽን ጭንሽ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ መርማሪው ደግሞ ከካርዱ ጀርባ ሆኖ በቀዳዳዋ እያየ ልጁ ወዴት እንደዞረ ይከታተላል። ካርዱ በተቀየረ ቁጥር መስመሩ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ልጁ መለየት ያቃተው ቦታ የዓይኑ አቅም ልክ ነው። ካርዱ በየቦታው አይገኝም፤ ግን አሻንጉሊት ማስከተልና አንድ ዓይን በየተራ መሸፈንም ብዙ ይናገራል። ቀኙ ሲሸፈን ዝም፣ ግራው ሲሸፈን የሚያለቅስ ከሆነ ቀኝ ዓይኑን እንጠረጥራለን።

«የ3 ሳምንት ልጄ አታየኝም፣ ፍዝዝ ብላለች።» (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። አሁን ደህና አድርጋ የምታየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ስታጠቢያት ፊትሽ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ2 ወር ገደማ ዓይንሽን አይታ ፈገግ ትላለች። 3 ወር ሞልቷት የሚንቀሳቀስ ነገር ካልተከተለች ግን ይዘሻት ሂጂ።

«የ6 ወር የልጅ ልጄ ዓይን ይንሸዋረራል። ጎረቤት ሲያድግ ይተወዋል አሉኝ።» (ደሴ፣ አረብ ገንዳ)

እማማ፣ ይሄን ምክር አይስሙ። እስከ 3 ወይ 4 ወር አልፎ አልፎ መንሸዋረር ያለ ነው፤ 6 ወር ላይ ግን በሐኪም መታየት አለበት። አንጎሉ በተንሸዋረረው ዓይን የሚመጣውን ምስል እየተወው ይሄዳል፣ ዓይኑም ይሰንፋል፤ በቆየ ቁጥር ማዳኑ ይከብዳል።

«በሞባይል ፎቶ ሳነሳው አንዱ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ይወጣል።» (ኮምቦልቻ)

ለነገ አትበል ወንድሜ። የፎቶው አቅጣጫ አመጣው ይሆናል፤ ነገር ግን የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ እሱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ደሴ ሪፈራል ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰደው፣ ፎቶውንም አሳያቸው። ጨቅላ ሆኖ የተገኘ ወፍራም ሞራ ልጁ ከተወለደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢወጣ ነው ዓይኑ ደህና የሚሆነው፤ ካንሰሩም በጊዜ ከተደረሰበት ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

«ኩል ብንቀባውስ?» (ደሴ)

አይሆንም። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። እንደተወለደ ጤና ጣቢያ የሚቀቡት የቴትራሳይክሊን ቅባት ሌላ ነው፣ እሱን እንዳትከለክሉ።