የተከተቡ ቄቦች በፈንግል ስለ ማለቃቸው፦ ክትባቱን ከመክሰስዎ በፊት ደማቸውን ያስመርምሩ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በአዳማ ዳርቻ የሚያረቧቸውን ቦቫንስ የተባለው የእንቁላል ጣይ ዝርያ ቄቦች በመጋቢት ወር የፈንግል (ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ) ክትባት በመጠጥ ውኃ ካስከተቡ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ አረንጓዴ ቅዘን፣ የአንገት መጠማዘዝና በየቀኑ ሞት እንደ ገጠመዎት ጽፈዋል። ባለሙያው "ክትባቱ የማይሠራ ነው" ብሎዎት ሄዷል፤ እርስዎም "ይህ ክትባት ከንቱ ነው ማለት ነው? ለቀሩትስ እንደገና ልስጥ?" ብለው ጠይቀዋል። እኔም በወንጂ መውጫ በኩል እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን አረባለሁ፤ የተማርኩትም የእንስሳት ርባታ ነው። የደረሰብዎት ነገር በእኔ ላይ ከደረሰው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ስለ መኖ፣ ስለ ጉዝጓዝና ስለ ንጽሕና ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም ብዬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

1. ብልቃጡን ከመወንጀልዎ በፊት የዶሮዋን አካል ያስቡ። የክትባቱ ዓይነት ላሶታም ሆነ ኤች ቢ ዋን፣ በውስጡ ያለው የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ አነስተኛ የሆነ ሕያው የፈንግል ቫይረስ ነው። በዓይን ወይም በአፍ ሲገባ በዶሮዋ አካል ውስጥ ይራባል፤ አካሏም ያንን ለይቶ አንቲቦዲ የተባለ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን ያመርታል። መከላከያውን የምትሠራው እንግዲህ ራሷ ዶሮዋ ናት። ለዚህ ሥራ ዋነኛ ከሆኑት የአካል ክፍሎች አንዱ ከኩስ መውጫዋ በላይ የሚገኘው በርሳ የተባለው ትንሽ ከረጢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ፣ ገና ጫጩት ሳሉ በርሳቸው የወጣባቸው ዶሮዎች አንቲቦዲ ማምረት እንደሚሳናቸው ጽፈው አሳተሙ፤ ከዶሮ የተገኘው ይህ እውቀት በኋላ ለሰው ልጅ ሕክምናም ተርፏል። ይህንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጉምቦሮ የተባለው የጫጩት በሽታ በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ይዞ ይህንኑ በርሳ ያወድማል። ከጉምቦሮ የተረፈች ቄብ ለዓይን ደኅና ብትመስልም፣ በኋላ ለሚሰጣት የፈንግል ክትባት የምታሳየው ምላሽ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቄቦቹን ከሸጠልዎት አሳዳጊ የጉምቦሮ ክትባት መቼ እንደ ተሰጠ፣ በዚያ ዕድሜያቸውም ሞት ገጥሞ እንደ ነበር በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የሚነግርዎትን አይቀበሉ።

2. የመጋቢትን ሙቀት አቅልለው አይመልከቱት። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ላብ አመንጪ ዕጢም የላትም። የቤቱ ቆርቆሮ በሚግልበት ሰዓት ያላት ዋነኛ መውጫ አፏን ከፍታ ማለክለክ ነው። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ በብዛት ይወጣል፤ የደሟም የአሲድ ሚዛን ይዛባል፤ በሙቀት ወራት የእንቁላል ቅርፊት የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሙቀቱ ሲራዘም ከአድሬናል ዕጢ የሚመነጨው ኮርቲኮስትሮን የተባለ ሆርሞን በደሟ ውስጥ ይበዛል። ይህ ሆርሞን ለጊዜው ጉልበት እንድታገኝ ቢረዳትም፣ ሲቆይ ግን በርሳ፣ ታይመስና ጣፊያ እንዲኮሰምኑ፣ በደም ውስጥ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳት እንዲያንሱና ሄትሮፊል የተባሉት እንዲበዙ ያደርጋል። ግሮስና ሲግል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 የእነዚህን ሕዋሳት ንጽጽር የዶሮ ጭንቀት መለኪያ አድርገው ካቀረቡ ወዲህ፣ በየአገሩ በዶሮ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አንቲቦዲ አምርቱ ብለን ትእዛዝ የምንሰጣቸው ሊምፎሳይቶች በሙቀት ብዛት በሚመናመኑበት ሰዓት ከሆነ፣ ደካማ ምላሽ ብናገኝ ሊገርመን አይገባም። መኖ መብላት ስለሚቀንሱም አንቲቦዲ የሚሠራበት ፕሮቲን ያጥራቸዋል።

3. ክትባት ከሰጡ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ደም አስወስደው የአንቲቦዲውን መጠን ያስለኩ። እኔ ከሁሉ በላይ ልነግርዎት የፈለግሁት ይህንን ነው፤ ብዙ ንብረት ያጠፋብኝም በዚህ ላይ የተደረገብኝ እንቅፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ክትባት ሰጪ በጠዋት እንዲመጣ ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ እኔም ዶሮዎቹን ከንጋት ጀምሮ ውኃ ከልክዬ ጠበቅሁት። የመጣው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት ነው። "ለነገ ይቆይልን፤ በዚህ ሙቀት የተጠሙ ዶሮዎች እኩል አይጠጡም፤ ጉልበተኛዋ ቀድማ ትጨርሰዋለች" አልኩት። "እኔ ለአንተ ዶሮ ስል ሁለት ጊዜ ነዳጅ አላቃጥልም፤ ካልፈለግህ ክትባቱን ይዤ እመለሳለሁ" አለኝ። ከዚያም በጥላ ያቆየሁለትን፣ የዱቄት ወተት የተጨመረበትን ውኃ ትቶ፣ ክትባቱን ከሮቶው በቀጥታ በቀዳው የቧንቧ ውኃ በጠበጠው። የአዳማ የቧንቧ ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ ሕያው ቫይረስን ይገድላል። ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት በ1 ሊትር ውኃ 2.5 ግራም ያህል ቀድሞ የሚጨመረው ይህንን ክሎሪን ለማክሸፍ ነው። ይህንን ባስረዳው፣ "ተማርኩ ባይ አስቸጋሪ ነው" ብሎ ለረዳቱ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ።

የሆነው አላማረኝምና በሦስተኛው ሳምንት አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ከቤቱ ልዩ ልዩ ማዕዘን ከተያዙ ወደ 20 የሚጠጉ ዶሮዎች ከክንፋቸው ሥር ደም ወሰደልኝ። ደሙ ረግቶ ሴረም የተባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲለይ እያንዳንዱን ናሙና በሁለት ቱቦ ከፍለን፣ አንዱን በበረዶ ሳጥን አደረግን፤ ሌላውን በቤቴ ፍሪዘር አስቀመጥሁት። ይህ መጠንቀቄ በኋላ እንዴት እንደ ጠቀመኝ ያያሉ። ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ የሚላከው በደብዳቤ ነው ስለተባልኩ ሳጥኑን ይዤ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ለዶሮ ደም ደግሞ ደብዳቤ! በሬ ነው የሞተብህ?" አለኝ። ዶሮ ለእኔና ለሠራተኞቼ እንጀራችን እንደ ሆነ በትሕትና ነገርኩት። ሳጥኑን እዚያው እንዳስቀምጥና ከስብሰባ በኋላ እንድመለስ አዘዘኝ፤ ፍሪጅ አላቸው ብዬ ስጠይቅም "አንተ ሥራችንን አታስተምረን" ተባልኩ። በማግስቱ ስመለስ ሳጥኑ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር ነበር፤ በረዶው ቀልጦ፣ ሴረሙም ጠረኑ ተለውጦ ነበር። ደብዳቤውም አልተጻፈም። "ናሙናህ ተበላሽቷልና ሌላ አምጣ" ሲሉኝ ይቅርታ እንኳ አልጨመሩበትም።

ደብዳቤው ነገ ከነገ ወዲያ ሲባል ፈንግል ከጎረቤት ገባ። ከ500 ከሚበልጡት ቄቦቼ ግማሽ የሚሆኑት አለቁ። ያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን የጻፈልኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ክትባት ሰጪው ደግሞ ለእርስዎ የተነገረውን ያንኑ ቃል፣ "ክትባቱ የማይሠራ ነበር" የሚለውን ነገረኝ። በፍሪዘር ያቆየሁትን ሴረም ይዤ ራሴ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ስሄድ፣ ናሙናውን የተቀበለችኝ ባለሙያ ደብዳቤ ይዤ መምጣቴ ገረማት፤ የመመርመሪያውን ክፍያ ከፍሎ ቅጽ መሙላት ብቻ ይበቃ ኖሯል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ውጤቱን በጊዜው ባገኝ ኖሮ፣ በሽታው ከመግባቱ በፊት በዓይን ጠብታ ደግሜ አስከትባቸው ነበር።

አሁን ውጤቱ ምን እንዳለ ልንገርዎት፤ የእርስዎንም በዚሁ መንገድ ያነቡታልና። ምርመራው ሂማግሉቲኔሽን ኢንሂቢሽን ይባላል። የፈንግል ቫይረስ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋሳት እርስ በርስ ያጣብቃል፤ በሴረሙ ውስጥ አንቲቦዲ ካለ ግን ይህንን ማጣበቅ ያግደዋል። ሴረሙን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠኑ እስከ ስንት ድረስ እንደሚያግድ ያያሉ፤ በተለመደው አሠራር 1 ለ16 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ካገደ አንቲቦዲ አለ ይባላል፤ መስመሩ የምለው ይህንን ነው። ዋናው ነገር አማካዩን ሳይሆን የእያንዳንዷን ዶሮ ቁጥር ጠይቆ መቀበል ነው። ሁሉም ከመስመሩ በታች ከሆኑ፣ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሳይያዝ ቀርቶ ወይም በክሎሪን ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ አለበለዚያም መንጋው በጉምቦሮ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ ተዳክሟል። ገሚሶቹ ከፍ፣ ገሚሶቹ ምንም ከሆኑ ግን፣ ቢያንስ ከፊሉ ክትባት ሕያው ሆኖ ዶሮዎቹ ጋ ደርሷል፤ ጉድለቱ በአሰጣጡ ላይ ነው። የእኔ ውጤት ይህ ሁለተኛው ነበር። ከግማሽ የማያንሱት ከመስመሩ እጅግ በላይ ነበሩ፤ የቀሩት ጠብታም ያልደረሳቸው ይመስላሉ። እዚህ ቅርባችን ቢሾፍቱ የተመረተው ክትባት በሐሰት እንደ ተወነጀለ ያን ጊዜ በወረቀት አረጋገጥሁ፤ ወረቀቱንም ለዚያ ኃላፊ አንድ ቅጂ ወስጄ በመዝገብ ቤት አስፈርሜ አስገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ቀጠሮ አልጠብቅም። ክትባቱን በበረዶ ይዤ ራሴ አመጣለሁ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከሠራተኞቼ ጋር እያንዳንዷን ዶሮ ይዘን በዓይኗ ጠብታ እንሰጣለን። በውኃ ይስጡ ቢባል እንኳ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፤ በቂ መጠጫ ከሌለ ደካሞቹ ይቀራሉ። የጠብታው አሰጣጥ አድካሚ ነው፤ ሆኖም በዚህ መንገድ ከከተብኳቸው የተወሰደው ደም ከመስመሩ በታች የወረደ ቁጥር አላሳየኝም። በዚህ እኮራለሁ፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች አይሆንም ያሉኝን ነው ያደረግሁት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ በሽታው በገባበት ቤት ላሉት፣ ምርመራ ሳይደረግ ክትባት አይድገሙ። የታመመች ዶሮ ላይ ሌላ ሕያው ቫይረስ መጨመር ጫና ነው፤ ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚዞረው ሰው እጅና ጫማም በሽታውን ያዛምታል። ካሁን በኋላ ከዚያ ቤት ደም አስወስደው ከፍ ያለ ቁጥር ቢያገኙም አይታለሉ፤ ይህ ምርመራ የክትባቱን አንቲቦዲ ከበሽታው አንቲቦዲ አይለይም። ከዚያ ቤት የሚላከው ዛሬ የሞተች ዶሮ ሬሳ ነው፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሳይውል ሳያድር በበረዶ ይሂድ። ሐኪሙ በርሳዋን እንዲያይና መጠኑን እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ፤ መኮሰመኑ ከታወቀ የጉምቦሮ ጥርጣሬ ይጠናከራል። በሽታው ያልደረሰበት ሁለተኛ ቤት ካለዎት ግን፣ ከዚያ ዛሬውኑ ደም ያስወስዱ፤ በማግስቱም ውጤቱን ሳይጠብቁ፣ ወደ ታመመው ቤት በማይገባ ሰው እጅ፣ በማለዳ በዓይን ጠብታ ያስከትቡ።

የሞቱትን ከኖራ ጋር በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ። የተረፉትን ወደ ገበያ እንዳይልኩ አደራ እላለሁ፤ የእኔ በሽታ የመጣው እንዲህ ካደረገ ጎረቤት ነው።

ናሙናዎን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይላኩ፤ ቅዳሜና እሑድን ማን እንደሚጠብቀው አያውቁም። ሁልጊዜ አንድ ቱቦ ለራስዎ ያስቀሩ። ወደ ቤተ ሙከራው ቀድመው ደውለው ምን ምን ሰነድ እንደሚጠይቁ ከእነርሱው አንደበት ይስሙ፤ በመካከል ያለ ሰው የሚነግርዎትን አይያዙ። ቁጥሮቹ ሲደርሱዎት እዚሁ ይለጥፉልን፤ አብረን እናነባቸዋለን።