ጤናማ የሚመስል ተክል ለምን ይወረሳል?

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ስመለስ የወይን ቁርጥራጭና ጥቂት የስንዴ ዘር በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ቁርጥራጩ ላይ ምንም ነጠብጣብ አልነበረም፤ ዘሩም አልነቀዘም። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ሁለቱንም ወረሱብኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በምን መንገድስ ማስገባት እችል ነበር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዕፅዋት ኳራንቲን፣ ማለትም ተባይና በሽታ ከተክል ጋር ወደ አገር እንዳይገባ የሚደረገው ቁጥጥር፣ ይበልጥ የሚፈራው በዓይን የማይታየውን ነው። አረማሞ ከተባለው፣ ፈንገስ ከሚያመጣው የስንዴ በሽታ ዓይነቶች አንዱን እንውሰድ፤ ፈንገሱ በዘሩ ሽል ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ዘሩ ሙሉና ንጹሕ ይመስላል፤ ተዘርቶ ከበቀለ በኋላም ያን ያህል ምልክት አያሳይም፤ ዛላው ሲወጣ ግን በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ይዞ ብቅ ይላል፤ ዱቄቱንም ነፋስ አንሥቶ በማበብ ላይ ወዳለ የጎረቤት ስንዴ ይወስደዋል። ይህን በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ዘሩን በማገላበጥ ማወቅ አይቻልም።

የወይኑ ደግሞ ይብሳል። ከክሽክሽ ጋር የምትዛመደው ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት በ19ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ በመጣ የወይን ተክል ወደ አውሮፓ ገብታ ሥሩን እየመጠጠች ሰፊ የወይን እርሻ አጥፍታለች። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1878 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተፈራረሙት ስምምነት ይህን ጥፋት ለመግታት የታሰበ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው።

ሕጋዊው መንገድ የሚጀምረው ከጉዞው በፊት ነው። በቅድሚያ ተክሉ ከሚገባበት አገር የዕፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቀጥሎም የላኪው አገር ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት በፈቃዱ ላይ የሰፈሩትን ቅድመ ሁኔታዎች ተከትሎ ተክሉን መርምሮ የጤንነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የችግኝ ሻጩ ደረሰኝ፣ ምንም ያህል ማኅተም ቢደረደርበት፣ ይህን አይተካም። በሥር ላይ የተጣበቀ አፈርም በአብዛኞቹ አገሮች የተከለከለ ነው።

ወረቀቱ ቢሟላ እንኳ የወይን ቁርጥራጭ ወዲያው ላይለቀቅልዎት ይችላል፤ ነፍሳት በማያስገባ መረብ በተከለለ ቤት ተተክሎ፣ ለቫይረስ እየተመረመረ ከአንድ የምርት ወቅት በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህ ለግለሰብ አድካሚ መሆኑን አንክድም፤ ስለዚህ ለጥቂት ግንድ ብለው ከመድከም ይልቅ ተመሳሳዩን ዝርያ በአገር ውስጥ ከተመሰከረለት የችግኝ ጣቢያ ቢፈልጉ ይሻላል። ሳያውቁ ይዘው ከመጡ ደግሞ ከፍተሻው በፊት ራስዎ ያሳውቁ፤ ዕቃው ቢወገድም በብዙ አገሮች ቅጣት የሚያስከትለው መደበቁ ነው።