ፖስት ባዶ ሆኖ ሪኩዌስት ሲሠራ

ሰላም ወንድሜ። «በፒኤችፒ የፎርሜን መረጃ በፖስት ስቀበል ባዶ ነው፣ በሪኩዌስት ግን ይመጣል፤ በዚሁ ብቀጥል ችግር አለው?» ነው ያልከው። አዎ፣ አለው።

መጀመሪያ ፎርምህ ላይ ሜተድ የሚለውን እይ፤ መረጃው በፖስት ወይስ በጌት እንደሚላክ የሚወስነው እሱ ነው። ካልጻፍክበት ብሮውዘሩ በጌት ነው የሚልከው። የሞላኸው ነገር አድራሻው ላይ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ ይታይሃል። ፖስት ባዶ የሆነብህ ለዚህ ይመስለኛል። ሪኩዌስት በጌትም በፖስትም የመጣውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ስህተቱን ሸፈነልህ።

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄው ነው። እዚህ ባሕር ዳር ለጀልባ ባለቤቶች የቦታ ማስያዣ ገጽ ሠርቼ ነበር። «መድረሻ» የሚል ምርጫ አለው፤ ዘጌ ወይም ደቅ። ደንበኛው ባለፈው የመረጠውን እንዲያስታውስ ብዬ በዚያው ስም ኩኪም (ብሮውዘሩ የሚይዘው ትንሽ ማስታወሻ) አስቀመጥኩ፤ ምርጫውን የማነበው ደግሞ በሪኩዌስት ነበር። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ምንም እንከን አልነበረውም። ሰርቨር ላይ ሲወጣ ጉድ ፈላ። በፊት ደቅ ሄዶ አሁን ዘጌ የመረጠ ሰው፣ እንደገና ደቅ ተብሎ ይመዘገባል። ደቅ ከዘጌ በጣም ይርቃል፤ ዋጋውም ነዳጁም ሌላ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት ከጀልባ ነጂው ጋር ሲከራከር ቆሜ አየሁ። በጣም አዘንኩ።

ሁለት ቀን ፈልጌ ነው ምክንያቱን ያገኘሁት። ፒኤችፒ ዶት አይኒ በሚባለው የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሪኩዌስት ኦርደር የሚባል መስመር አለ፤ ሪኩዌስት ውስጥ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ከፒኤችፒ ጋር የሚመጡት ናሙና ፋይሎች ላይ ጌትና ፖስት ብቻ ተሞልተውበታል። የእኔ ማሽን ላይ የነበረው ይሄ ነው። ሰርቨሩ ላይ ግን መስመሩ ባዶ ነበር። ባዶ ሲሆን ፒኤችፒ ቫሪያብልስ ኦርደር የሚባለውን ሌላ መስመር ይከተላል፤ እዚያ ደግሞ ኩኪ ከፖስት በኋላ ነው የሚመጣው። ስማቸው አንድ ከሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል። አንድ ኮድ፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለት መልስ!

ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሜተዱን ፖስት በለው፣ ከፖስት ብቻ አንብብ። ለፍለጋና ለገጽ ቁጥር ጌት ይበቃል። ያልተላከ ነገር ካለ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ያለው ድርብ ጥያቄ ምልክት (??) በምትኩ አንተ የጻፍክለትን በመውሰድ ያድንሃል። በጃቫስክሪፕት ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ አድርገህ የምትልክ ከሆነ ግን ሜተዱ ትክክል ሆኖም ፖስት ባዶ ነው፤ የተላከውን ጥሬ መረጃ ከሚሰጠው ከፒኤችፒ ኢንፑት (php://input) አንብበህ በጄሰን ዲኮድ መፍታት አለብህ። ዋጋን ደግሞ ፈጽሞ ከፎርም አትቀበል። ማንም ሰው ቀይሮ ሊልከው ስለሚችል ከዳታቤዝህ አውጣው።

ካልሠራልህ የፎርሙን ኮድ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።