ለእናት፣ ለጓደኛና ለትንሿ ልጅ፦ በእጅ የሚሠራ ስጦታ ከየት ይጀመር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ተኩል ቀርቶታል። ለእናትሽ፣ ለቅርብ ጓደኛሽና ለእህትሽ የ2 ዓመት ልጅ በእጅሽ የሠራሽውን ነገር መስጠት ፈልገሻል። ኪሮሽ ትንሽ ትሞክሪያለሽ፣ ሌላ የእጅ ሥራ አታውቂም። «ርካሽ ነገር እንዳይመስልብኝ» ያልሽው ደግሞ ልቤን ነካው። ለቤተሰቤና ለወዳጆቼ ስጦታ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ርካሽነቱ። የእጅ ሥራን ርካሽ የሚያስመስለው አጨራረሱ ነው። ተንጠልጥሎ የቀረ ክር፣ የተንሻፈፈ ጠርዝ፣ ከመስመር ወጥቶ የደረቀ ኮላ፤ የሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ዲዛይኑ በጣም ቀላል ሆኖ ጥንቅቅ ብሎ ያለቀ ነገር ግን ገና እጅ ሲገባ ያስታውቃል። ስለዚህ ካለሽ ጊዜ ሩቡን ለማጠናቀቂያ ብቻ አስቀምጪ። ደግሞም የእጅ ሥራ ሁልጊዜ ወጪ ይቀንሳል ማለት አይደለም። በጥሩ የሱፍ ክር የሚሠራ ሻርፕ፣ ተሠርቶ ከሚሸጠው ሊበልጥ ይችላል። የገንዘቡን ነገር ተይውና ሰዎቹን አስቢ።

ለእናትሽ ኪሮሹን ተጠቀሚበት፤ የአንገት ሻርፕ ሥሪላቸው። ከመጀመርሽ በፊት ግን ልብሳቸውን ልብ ብለሽ እዪ። የትኛውን ቀለም ደጋግመው ይለብሳሉ? ሱፍ ያሳክካቸዋል? ልብስ የሚታጠበው በእጅ ነው በማሽን? ይሄ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ተራ የሱፍ ክር በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይጣበቅና ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ቤታቸው ሁሉም ነገር ማሽን ውስጥ የሚገባ ከሆነ አክሪሊክ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር ወይም በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀ ሱፍ ውሰጂ። አክሪሊክ ግን ካውያ አይወድም፤ ሙቀቱ ክሩን ያቀልጠዋል ወይም ልሙጥ ያደርገዋል። ጥጥ አያሳክክም፣ ለሻርፕ ግን ይከብዳል።

ክሩን ስትገዢ የሚበቃሽን በሙሉ አንድ ጊዜ ግዢ። በጥቅሉ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ «ሎት» የሚባል ቁጥር አለ። ክሩ በየትኛው ዙር እንደተቀለመ የሚያሳይ ነው። ሎቱ ከተለያየ የቀለሙ ስም አንድ ሆኖ እንኳ ልዩነቱ ሻርፑ መሃል ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጥቅሎች ጎን ለጎን ስታዪ ላይታወቅሽ ይችላል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን አይደበቅም።

ለጀማሪ ወፈር ያለ ክርና 5 ወይም 6 ሚሊሜትር የኪሮሽ መርፌ ይሻላል፤ ቶሎ ያድግልሻል፣ ስሕተትም ቶሎ ይታይሻል። መጀመሪያ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሚሆን ሙከራ ሥሪ። እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ለኪው። ጨርቁ ታጥቦ ምን እንደሚሆን የምታውቂው ያኔ ነው። ስትሠሪም ሰዓት ያዢ፤ ሙሉው ሻርፕ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከዚያ ታሰያለሽ። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 160 ሴንቲሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በየረድፉ መጨረሻ ላይ መቁጠርሽን አትተዪ። የጀማሪ ሻርፕ እየጠበበ ወይም እየሰፋ የሚሄደው ጫፉ ላይ አንድ እየተዘለለ ወይም እየተደገመ ነው።

አሁን ወደ አጨራረሱ። ክሩን ስትቆርጪ 15 ሴንቲሜትር ያህል ጭራ ተዪለት። ቋጥረሽ ከሥሩ አትቁረጪው፤ ቋጠሮው በአንድ ሁለት እጥበት ብቅ ይላል። ጭራውን ሰፊ ቀዳዳ ባለው ወፍራም መርፌ ላይ ሰክተሽ በረድፉ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል አስገቢው። ከዚያ አቅጣጫ ቀይረሽ፣ የመጨረሻዋን ክር ዘለል አድርገሽ፣ በመጣሽበት መልሺው። ሻርፑን ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ አድርጊና የቀረውን ቁረጪ። ከዚያ እጠቢው፤ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠርዙን በእጅሽ እያቀናሽ አድርቂው። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ስታዪ ትገረሚያለሽ።

ለጓደኛሽ ደግሞ በእጅ የተሰፋ ማስታወሻ ደብተር። እኔ በጣም የምወደው ስጦታ ይሄ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ለየት ያለ መሣሪያም አይፈልግም። 8 የኤ4 ወረቀቶች እያንዳንዳቸውን ለሁለት እጠፊና አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቺ፤ 32 ገጽ ሆነ ማለት ነው። ለሽፋኑ ወፈር ያለ ወረቀት ውሰጂ። ከማጠፍሽ በፊት ቀስ ብለሽ በቁመቱም በወርዱም ጎበጥ አድርጊው። በአንዱ በኩል እሺ ይልሻል፣ በሌላው በኩል ይታገልሻል። የወረቀቱ ጭረት የሚሄደው እሺ ባለሽ በኩል ስለሆነ ማጠፍም እንደዚያው ነው። በተቃራኒው ካጠፍሽው እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል።

ወረቀቶቹን ሽፋኑ ውስጥ አድርገሽ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሺ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 4 ሴንቲሜትር ገባ ብለው። 65 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ክር በሻማ እሺው፤ አይወሳሰብም፣ አይላላምም። ከውስጥ ጀምረሽ በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጪ፤ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጭራ ውስጥ ይቅር። በላይኛው ወደ ውስጥ ግቢ። የመሃሉን ዘለሽ በታችኛው ወደ ውጭ ውጪ። አሁን በመሃሉ ወደ ውስጥ ተመለሺ። ውስጥ በኩል ረጅም ክር ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ ታያለሽ፤ ሁለቱ ጭራዎች ከግራና ከቀኙ መሆን አለባቸው። በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳብ አድርገሽ በረጅሙ ክር ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥሪ። ወደ ጎን ከሳብሽው ወረቀቱ ይቀደዳል። መሃል ያሉት ገጾች ከሌሎቹ ትንሽ ወጣ ብለው ይታያሉ። በብረት ማስመሪያና በስለታም ምላጭ፣ በአንዴ ሳይሆን ደጋግመሽ በቀስታ እየሳብሽ ቁረጫቸው። ደብተሩን ደብተር የሚያስመስለው ይሄ የቀና ጠርዝ ነው። ከፈለግሽ በየመሃሉ አንዳንድ መስመር ጻፊላት፤ በማትጠብቀው ገጽ ላይ ስታገኘው ደስ ይላታል።

ለትንሿ ልጅ የጨርቅ አሻንጉሊት ወይም ኳስ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆፍጠን ማለት አለብሽ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የፕላስቲክ ዓይን፣ የሚነቀል ነገር ምንም አይገባበትም። ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከተዋል፤ ይታነቃል። ዓይኑንም አፉንም በክር ጥለፊው። ረጅም ገመድ ወይም አንገት ውስጥ የሚገባ ቀለበት አታድርጊበት። ውስጡን ባቄላ ወይም ሩዝ አትሙዪው፤ ስፌቱ ከተፈታ አደጋ ነው፣ አይታጠብምም። ለትራስ የሚሆነው ሰው ሠራሽ ጥጥ ይሻላል። ጨርቁን ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ይኮማተራል። ስፌቱን ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ገባ አድርጊና በትንንሹ፣ በእያንዳንዱ ወደ ኋላ እየተመለስሽ ስፊው። ሲያልቅ በሁለት እጅሽ ጎትቺው። ሳታዝኝለት ጎትቺ፤ ልጅቷም አታዝንለትም።

ስለ ሳሙናና ሻማ የጠየቅሽውን ባጭሩ ልመልስ። በቤት የሚሠራ ሳሙና የሚሠራው ካስቲክ ሶዳ በሚባል ኃይለኛ ኬሚካል ነው፤ ሶዳው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ሶዳው ውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው ሶዳው ላይ በፍጹም አይፈስም። በዚያ ላይ እሳት ላይ ሳይበስል በቀዝቃዛው ዘዴ የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ያለሽን ጊዜ ሁሉ ይበላዋል። ለዘንድሮ እርሺው ባይ ነኝ። ሻማ ይቻላል። ሰሙን እሳት ላይ በቀጥታ አታቅልጪው፤ የፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሁን፣ ትተሽውም አትሂጂ። እሳት ከያዘ ውኃ አትድፊበት፣ ይፈነዳል፤ በክዳን አፍኚው። የምትገለብጪበት ብርጭቆም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት።

ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ሻርፑ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪው፤ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ታጥቦ ደርቆ ይጠብቅሽ። አሻንጉሊቱን በመሃል፣ ሻርፑ ሲሰለችሽ ሥሪው። ደብተሩ መጨረሻ ይሁን። ሻርፑ ካልደረሰ አትቸኩዪበት፤ ለእናትሽ የሚያምር ካርድ ጻፊና ከበዓሉ በኋላ ስጪያቸው። ተቻኩሎ ያለቀ ነገር ሲታይ ይኖራል።

ከእያንዳንዱ ስጦታ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት አያይዢ፦ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ከማን ለማን እንደሆነ። ብዙ የእጅ ሥራ ሳጥን ውስጥ የሚቀረው ሰው እንዳያበላሸው ፈርቶ ነው። ስትሰጪም «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ተበላሽቷል» አትበዪ። ሰውየው ያላየውን አታሳዪው። እናትሽ ሻርፑን ይልበሱት፣ ጓደኛሽ ደብተሩ ላይ ትጻፍበት፣ ልጅቷም አሻንጉሊቱን ትጎትተው። ክሩን ስትመርጪ ሎቱ ወይም ዓይነቱ ግራ ካጋባሽ የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ፤ ከመግዛትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።