ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ፍሪሲዮኑን መርምር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። መኪናህ እ.ኤ.አ. የ1979 ቢጄ 40 ላንድክሩዘር ነው። ጠዋት ከኮምቦልቻ ስትነሳ ማርሹ ደህና ይገባል። ዳገቱን ወጥተህ ደሴ ፒያሳ ጭንቅንቁ ውስጥ ስትገባ ግን አንደኛ እምቢ ይላል፣ ሬትሮ (የኋላ ማርሽ) ደግሞ ይጮሃል። መካኒኩም «ሲንክሮው አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ» ብሎሃል። ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ሲንክሮ ደግሞ ማርሽ ሲገባ የሚዞሩትን ዕቃዎች ፍጥነት የሚያስማማው ቀለበት። አብሽር፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። በነገርከን ምልክት ከሄድን ካምቢዮህ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። የታመመው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ስትረግጠው ካምቢዮውን ከሞተሩ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ሲንክሮ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ አንድ የተወሰነ ማርሽ ላይ ነው የሚታወቀው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ ያውም እየሄድክ ስትቀይር ይጮሃል። አንተን የሚያስቸግርህ ግን ቆመህ፣ አንደኛና ሬትሮ ላይ ነው። ሬትሮ ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣም ሲንክሮ የለውም። ስለዚህ የሬትሮ ጩኸት ስለ ሲንክሮ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ፔዳሉን ረግጠህም የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ ጋር እየዞረ መሆኑን ነው።

ለማረጋገጥ መኪናው እስኪሞቅ ንዳው፤ ብርድ ላይ እያለ ብትሞክረው ያታልልሃል። ሜዳ ላይ አቁመህ የእጅ ፍሬን ያዝና ሞተሩን አጥፋ። ማርሾቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስገባ። ያለ ችግር ከገቡ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) አድርገህ ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጥና እስከ አስር ቁጠር። ከዚያ ቀስ ብለህ ሬትሮ አስገባ። ያን ያህል ጠብቀህም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። አሁን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሦስት አራት ጊዜ ርገጠውና ድገመው። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ማርሹ ከገባልህ ነገሩ ያለው የፔዳሉን ጉልበት በፍሬን ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያስተላልፈው ፖምፓ ጋ ነው፤ አንዱ ላይ ፔዳሉ ጋ፣ ሌላው ታች ካምቢዮው ጋ አለ። ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ጎሚኒው (የፖምፓው የውስጥ ጎማ) ዘይት ያሳልፋል።

ከዚያ በዓይንህ እይ። የእጅ ባትሪ ይዘህ ፔዳሉ ሥር አጎንብስ። የላይኛው ፖምፓ ዘንግ ግድግዳውን በስቶ የሚገባበትን ቦታ በጣትህ ዳስሰው። እርጥብ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ቀለም ተላጥቶ ብረቱ ከታየ፣ የፍሬን ዘይት ሲወርድበት ከርሟል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፣ ምልክቱን ትቶ ነው የሚሄደው። ቀጥለህ መኪናው ሥር ግባና የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ ጎማ ከንፈሩን በካቻቢቴ ገለጥ አድርገው። ከውስጡ ጠብ የሚል ካለ እሱም ጨርሷል።

ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህና አንተ ከታች የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ እንቅስቃሴ ለካ። ከ1 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ከሆነ አይበቃም። ሁለቱን ፖምፖች የሚያገናኘውን የላስቲክ ቱቦም እየተረገጠ ያዘው። እጅህ ላይ ሲነፋ ከተሰማህ ቀይረው። ያረጀ ቱቦ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ፔዳሉ ላይ ያዋልከው ጉልበት ቱቦውን ሲነፋ ያልቃል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከዳገቱ በኋላ መባሱ ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ደሴ የጎረቤቴ ላንድክሩዘር ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው እንዲህ አጥብቄ የምጽፍልህ። አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ የሲንክሮ ቀለበቶች ቀየረ። ተገጥሞ ሲወጣ ሬትሮው እንደ ድሮው ጮኸ። የታችኛውን ፖምፓ ጎማ ስንገልጠው ጥቁር ዘይት እጃችን ላይ ፈሰሰ። ሰውየው በጎሚኒ ዋጋ ይገላገል የነበረውን ነገር በካምቢዮ ዋጋ ከፈለ። በጣም ያናድዳል።

ፖምፖቹ ደህና ከሆኑ፣ አየሩም ወጥቶ ዘንጉ በደንብ ከተንቀሳቀሰና ማርሹ አሁንም ከጮኸ፣ ያኔ ወደ ውስጥ ይገባል። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ደርቃ ከያዘች የካምቢዮውን ዘንግ ይዛው ትዞራለች። ፍሪሲዮኑ ቢለቅም ማርሽ አይገባም። የተጣመመ ሸራም (የፍሪሲዮን ዲስክ) እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ለማየት ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ከወረደ አይቀር ሸራውን፣ ሸራውን የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንና ያቺን ትንሿን ኩሽኔታ በአንድ ላይ ቀይር። ቮላኖው ከተቃጠለ ወይም ከተቧጠጠ ቶርኖ ቤት ይላክ። ከሞተሩ ጀርባ የዘይት ላብ ካየህ የዘይት ማገጃውን ጎማ አትለፈው፤ አዲሱን ሸራ በዘይት ያበላሽብሃል። ያኔ ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ይልሃል።

የካምቢዮውንም ዘይት እይ። እነዚህ መኪኖች የታወቀ ጠባይ አላቸው። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግሮች የሚያከፋፍለው ሳጥን) መካከል ያለው ማገጃ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። መሬት ላይ ጠብ ስለማይል ማንም አይጠረጥርም። የሁለቱንም መሙያ ቡሎን ፈትተህ አወዳድር። ስትሞላ ጂኤል-4 የሆነ 80ደብልዩ-90 የማርሽ ዘይት ብታገኝ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ጂኤል-5 የነሐሱን የሲንክሮ ቀለበት ስለሚጎዳ እኔ አልጠቀምም።

አደራ የምልህ ነገር አለ። እስኪሠራ ድረስ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ማርሽ እምቢ ይለኛል ብለህ በፎሌ አትልቀቀው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። መኪናውን ፍሬን ብቻ ከያዘው ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ገና ከላይ ሳለህ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገባና በሞተር ተይዘህ ውረድ። ማርሹ ከናካቴው ካልገባ አትውረድ፣ መካኒኩ ደሴ ድረስ ይምጣልህ።

ጎሚኒ ስትገዛ የድሮውን ፖምፓ ፈትተህ ይዘህ ሂድ። መጠኑ ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለዓይን አንድ ዓይነት መስሎ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለይ አለ። የፖምፓው ውስጥ ተቧጥጦ ወይም ዝጎ ካየኸው ጎሚኒ አታባክን፣ ሙሉውን ቀይረው። የፍሬን ዘይቱ ከታሸገ አዲስ ጠርሙስ ይሁን፣ ዶት 3 በቂ ነው። የሞተር ዘይት የነካው ዕቃ ወይም ጨርቅ እንዳታስጠጋው፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። አየሩን ስታስወጣ ንጹህ ዘይት እስኪወርድ ድረስ አታቁም። የአስር ቁጥሩን ሙከራ ነገውኑ አድርገውና ምን እንዳደረገ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን እንነጋገራለን።