ድምፅ የተሰጠበት ሁሉ ሕግ አይደለም

የአሜሪካን ፖለቲካ በአማርኛ ለመዘገብ ለተነሳችሁ ልጆች፤

«ምክር ቤቱ አጸደቀ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የሰነዱን መለያ ተመልከቱ። ኤች.አር. ከሆነ ሕግ መሆን የሚችል ረቂቅ ነው። ኤች.ሬስ. ከሆነ ግን የተወካዮች ምክር ቤቱ የራሱ ውሳኔ፣ ብዙ ጊዜም የአቋም መግለጫ ብቻ ነው፤ ሴኔት አያየውም፣ ፕሬዚዳንቱ አይፈርምበትም፣ ከምክር ቤቱ ውጭ ማንንም አያስገድድም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያለፈውን፣ በእኛ ሰው ዘንድ «ኤችአር 128» እየተባለ የተወራለትን ውሳኔ አስታውሱ። ትክክለኛ መለያው ኤች.ሬስ. 128 ነበር። የሞራል ክብደት ነበረው፣ ብዙ ሰው ደክሞለታል፤ ሕግ ግን አልነበረም።

ኤች.አር. የሚል መለያ ይዞም ለታይታ ብቻ የሚቀርብ አለ። እሱን የምትለዩት ቁጥር በመቁጠር ነው። 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ድምፅ ከሰጡ ለማለፍ 218 ያስፈልጋል፤ የጎደለ ካለ ከሰጡት መካከል አብላጫው ይበቃል። ሴኔት ውስጥ ክርክር ለማስቆም አብዛኛውን ጊዜ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንቱ ቬቶ ካደረገ፣ ማለትም አልፈርምም ብሎ ከመለሰው፣ ደግሞ ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይጠየቃል። ዜናውን ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህ ድምፆች ከየት እንደሚመጡ በወረቀት ላይ አስሉ። ካልሞሉ፣ ረቂቁ የተጻፈው ለሌላ ሰው ጆሮ ነው።

ኦባማኬር የሚባለውን የ2010 የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ለመሻር የተደረገው ዘመቻ ይህን ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን እንደያዙ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2011፣ ሕጉን ለመሻር 245 ለ189 ድምፅ ሰጡ። ሴኔቱ በዴሞክራቶች እጅ ነበር፣ ኦባማም ዋይት ሐውስ ውስጥ ነበሩ። በተከታዮቹ ዓመታት ሕጉን በሙሉም ሆነ በከፊል ለመሻር ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ተሰጠ። ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ግን ከንቱ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለቅድመ ምርጫ ቅስቀሳ፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ደብዳቤና ለቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ይሠራል።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ሕግ እንደማይሆን የታወቀን ረቂቅ ማንም ተጨንቆ አይጽፈውም። 2017 ላይ ሁለቱም ምክር ቤቶችና ዋይት ሐውስ በሪፐብሊካን እጅ ሲገቡ በእጃቸው ያለቀለት ምትክ አልነበረም። የተወካዮች ምክር ቤቱ የመተኪያውን ረቂቅ ሜይ 4 ቀን 217 ለ213 ያሳለፈው የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት አዲሱን ግምት ሳያወጣ ነው። ግምቱ ሜይ 24 ሲወጣ እስከ 2026 ድረስ 23 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰው ያለ ኢንሹራንስ እንደሚቀር አሳየ። በዚያ ዓመት ሴኔት ውስጥ ድምፅ የተሰጠበት የመጨረሻው የመሻሪያ ሙከራ ስምንት ገጽ ብቻ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይፋ ሆኖ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ድምፅ ተሰጠበት። ሪፐብሊካኖቹ ሴናተሮች ማኬይን፣ ኮሊንስና መርካውስኪ ከፓርቲያቸው ተለይተው 49 ለ51 ወደቀ። ሰባት ዓመት የተፎከረበት ነገር ሰባት ዓመት አልተሠራበትም ነበር።

ሕዝቡ ይህን ቀድሞ ለምን አላየውም? እዚህ ላይ የገደል ማሚቶው ይመጣል። በኦገስት 2009 የሪፐብሊካን ምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የነበረችው ሣራ ፔሊን፣ ማን ሕክምና ማግኘት እንደሚገባው የሚወስን «ሞት ፈራጅ ኮሚቴ» ሊቋቋም ነው ብላ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። የጤናው ረቂቅ ሕግ፣ በኤች.አር. 3200 አንቀጽ 1233፣ የሚለው አረጋውያን ራሳቸው ፈልገው ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምናቸው ከሐኪም ጋር ሲመክሩ ሜዲኬር፣ የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለሐኪሙ ይክፈል ነበር። ሬዲዮው ከፖለቲከኛው ሰማ፣ ቴሌቪዥኑ ከሬዲዮው፣ ፖለቲከኛውም መልሶ «ሕዝቡ እየጠየቀ ነው» አለ። አንቀጹ ከመጨረሻው ሕግ ወጣ፤ ወሬው ግን ኖረ።

ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ፣ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረው የሚዛናዊነት ደንብ በ1987 በመሻሩ ላይ ይጥላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ደንቡ በአየር ሞገድ የሚሠራጩትን ይመለከት ስለነበር ለቶክ ሬዲዮ በር መክፈቱ አይካድም፤ በ1996 በኬብል የተጀመረውን ፎክስ ኒውስን ግን ደንቡ ቢኖርም አይነካውም ነበር።

ከዚህ ይልቅ ልብ በሉት የምለው ተመልካቹ ራሱ ጣቢያውን እንደሚገራው ነው። በ2020 ምርጫ ሌሊት ፎክስ ባይደን አሪዞናን አሸነፈ ብሎ አስታወቀ፤ የተቆጡ ተመልካቾችም ወደ ተፎካካሪው ወግ አጥባቂ ጣቢያ ኒውስማክስ ፈለሱ። ዶሚኒየን የተባለው የድምፅ መስጫ ማሽን ኩባንያ በከሰሰበት መዝገብ የወጡ የውስጥ መልእክቶች፣ የፎክስ አቅራቢዎች ምርጫው ተጭበርብሯል የሚለውን ወሬ በግል እንደማያምኑት፣ ተመልካች እንዳይሸሽ ግን እንደሚፈሩ አሳዩ። ኤፕሪል 2023 ላይ ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። በየዩቲዩቡ አማርኛ የምናወራ ሰዎች ይህን መዝገብ ብናነበው አይጎዳንም።

ዴሞክራቶችም ያደርጉታል፤ ሜይ 2022 ላይ ሴኔት ውስጥ የቀረበው የውርጃ መብት ረቂቅ 49 ለ51 እንደሚወድቅ እየታወቀ ነው ድምፅ የተሰጠበት። እሱንም በዚያው ሚዛን መዝኑት። አድማጩንም አትናቁ። የኢንሹራንስ ክፍያው እውነት የጨመረበት ሰው ብሶቱ እውነተኛ ነው፤ የተበደለው ብሶቱን ይዞ ሰባት ዓመት በመጠበቁ ነው።

ስትጽፉ «ኮንግረሱ አጸደቀ» አትበሉ፤ «የተወካዮች ምክር ቤቱ አሳለፈ፣ ሴኔት ይቀረዋል» በሉ። ረቂቁን ራሱን አንብቡ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያስፈጽመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካልተጻፈ ዘገባችሁ ውስጥ ይህን አስገቡ። ሴኔት ውስጥ ተመሳሳይ ረቂቅ ያቀረበ ሰው መኖሩንም እዩ። በሦስተኛው ወር ደግሞ በኮንግረሱ ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ገጽ እንደገና ክፈቱ። የመጨረሻው መስመር «ሴኔት ተቀብሎ ለኮሚቴ መራው» የሚል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዜና ባስነበባችሁበት ስፍራና በዚያው መጠን ይህንንም ጻፉት።