ነጠላው ነጣ፣ ፊቱ ጠቆረ፦ የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ስካን

ጥያቄ፦ አባቴ በ1960ዎቹ ያነሷቸው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች አሉኝ፤ ከፊሉ ባለ 35 ሚሊሜትር፣ ከፊሉ 6 በ6 ሴንቲሜትር። ኤፕሰን ቪ600 ላይ ከስካነሩ ጋር በመጣው ሶፍትዌር (ኤፕሰን ስካን) በ6400 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 6400 ነጥብ፣ ስካን አደረግኋቸው። አቧራውን እንዲያጠፋልኝ ዲጂታል አይስን ስከፍት ምስሉ ተበላሸ፤ የዓይንና የፀጉር ጠርዝ ተበላ። ነጠላው እጥፋቱ ሳይታይ ነጭ ብቻ ሆነ፤ ፊቱ ደግሞ ጠቆረ። ሌላ ሶፍትዌር ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። መጀመሪያ ዲጂታል አይስን ያጥፉ። አይስ አቧራና ጭረትን የሚለየው ፊልሙን በኢንፍራሬድ ብርሃን አይቶ ነው። የቀለም ፊልም ምስል ኢንፍራሬድን በሚያሳልፍ ማቅለሚያ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑን የሚያግደው ቆሻሻው ብቻ ነው። የተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን ከብር ማዕድን የተሠራ ነው፤ ብር ኢንፍራሬድን ያግዳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሰውየውን ዓይንና ፀጉር እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊጠግነው ይሞክራል። በቀለም ፊልም ኬሚካል የሚታጠቡት እንደ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ያሉት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ከዚህ ነፃ ናቸው፤ በ1960ዎቹ ኔጋቲቭ ላይ ግን አያጋጥሙዎትም። አይስን ለመክፈት ሲሉ የፊልሙን ዓይነት የቀለም ኔጋቲቭ አድርገውት ከሆነም ይመልሱት። ኤፕሰን ስካን ውስጥ ያለውን ዳስት ሪሙቫል የሚባለውንም አይንኩት፤ እሱ ኢንፍራሬድ እንኳ አይጠቀምም፣ በግምት ነው የሚያደበዝዘው።

ወደ ነጠላው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። በኔጋቲቭ ላይ ነጭ ልብስ ብር የተከማቸበት ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ነው። ጥላ ያረፈበት ጠይም ፊት ደግሞ በጣም ስስ ሆኖ ብርሃን በቀላሉ ያልፍበታል። ሁለቱ አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ፣ የአገራችን የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ አውቶ ኤክስፖዠር፣ ሶፍትዌሩ ብርሃኑን በራሱ የሚወስንበት፣ ምስሉን ለማድመቅ የሂስቶግራሙን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሁለት ጫፍ ይቆርጣል። ከአንዱ ጫፍ የሚሄደው የነጠላው እጥፋት፣ ከሌላው የሚሄደው የፊቱ ጥላ ነው። ፊልሙ ላይ ሁለቱም አሉ፤ የጠፉት ፋይሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከስካነሩ የሚወጣው ፋይል ግራጫና ፈዛዛ መሆን አለበት። ሲያዩት ካላማረዎት በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት።

ኤፕሰን ስካንን በፕሮፌሽናል ሞድ ይክፈቱ። ዶክዩመንቱን ፊልም፣ ዓይነቱን ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ፣ ኢሜጅ ታይፑን 16 ቢት ግሬይስኬል ያድርጉ። 8 ቢት 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ፈዛዛውን ፋይል በኋላ ሲያጎሉት ሰማዩና የግድግዳው ጥላ በደረጃ በደረጃ ይሰነጣጠቃል። 16 ቢት ከ65 ሺህ በላይ ደረጃ ስላለው ይህን ይችላል። ምስሉን የሚያሳላውን አንሻርፕ ማስክን ያጥፉ፤ የፊልሙን ቅንጣት ከምስሉ በላይ ያጎላል። ፕሪቪው ላይ ተምብኔይል ከሚለው ምልክቱን ያጥፉና የመምረጫውን ሳጥን ራስዎ ይሳሉ፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ጥቂት ገባ ብሎ ይሁን። ሶፍትዌሩ ብርሃኑን የሚያሰላው ከሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ የመያዣው ጥቁር ፕላስቲክ ከገባበት ስሌቱ ይዛባል። ከዚያ ሂስቶግራሙን ከፍተው የግራውንና የቀኙን ሦስት ማዕዘን ከኮረብታው ጫፎች ትንሽ ወደ ውጭ ይጎትቱ።

6400 የሚለው ቁጥር የሳጥኑ ማስታወቂያ ነው። ቪ600 በእርግጥ የሚለየው ዝርዝር ወደ 1500 ዲፒአይ አካባቢ ነው። በ6400 አንድ የ35 ሚሊሜትር ፍሬም በ16 ቢት 110 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ አብዛኛው ባዶ ፒክሰል ነው። 35 ሚሊሜትሩን በ2400 ያድርጉት፤ በግምት 3400 በ2270 ፒክሰል፣ 15 ሜጋባይት ይሆናል። ለ6 በ6 1600 ይበቃል፤ ትልቅ ለማተም ካሰቡ 2400።

ምስሉ አሁንም ከደበዘዘ ጥፋቱ የሪዞሉሽን ሳይሆን የከፍታ ነው። የቪ600 መያዣ ከፍታ ማስተካከያ የለውም፤ ስካነሩም በራሱ ፎከስ አያደርግም። ከመያዣው አራት ማዕዘን ሥር እኩል የታጠፈ ወረቀት እያስገቡ፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እጥፍ፣ ያንኑ ፍሬም ደጋግመው ስካን ያድርጉና በ100% አጉልተው ያወዳድሩ። ወረቀቱ የስካነሩን የካሊብሬሽን መስኮት፣ ስካነሩ ከስካን በፊት ብርሃኑን የሚለካበትን ክፍት ቦታ፣ እንዳይሸፍን ይጠንቀቁ። ሁሉም ፍሬም ላይ በአንድ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ከታየም ጥፋተኛው እዚያ መስኮት ላይ ያረፈ ብናኝ ነው። የተጠማዘዘ ፊልም በከባድ መጽሐፍ ሥር ጥቂት ቀናት ይቀመጥ። መስታወቱ ላይ በቀጥታ አያስተኙት፤ የሚያንጸባርቀው ወገን መስታወት ሲነካ የቀለበት ምልክት ይወጣል።

አቧራ በእጅ ነው የሚለቀመው። ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ፣ በጎማ መንፊያ ይንፉ፤ በአፍ አይንፉ፣ ምራቅ ያርፍበታል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፊልም አቧራ ይስባል፤ ፀረ ስታቲክ ብሩሽ ያስፈልጋል። የሻጋታ ምልክት ያለበትን በውኃ አይጥረጉ፤ የቆየ ሻጋታ የፊልሙን ጄላቲን ያለሰልሰዋል፣ ምስሉ አብሮ ሊነሳ ይችላል። የኮምጣጤ ሽታ የሚሸተውን ከሌሎቹ ለይተው አስቀድመው ስካን ያድርጉት።

ከስካን በኋላ ያለውን በነፃው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በጂምፕ ይሥሩ፤ ከ2.10 ጀምሮ 16 ቢት ይከፍታል። በሌቭልስ በፍሬሞች መካከል ያለውን ባዶ ፊልም ወደ 5 ወይም 10፣ የነጠላውን ደማቅ ክፍል ወደ 240 ያምጡ (ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ ባለው መለኪያ)። ለዚህ የሚሆን ጠባብ የባዶ ፊልም ጠርዝ የሚታይበት አንድ ለብቻ የሆነ ስካን ከየጥቅሉ ቢያነሱ ይረዳል። ፊቱን በከርቭስ፣ የመስመሩን ታችኛ ሦስተኛ ቀስ ብለው ወደ ላይ በመጎተት፣ ያድምቁ፤ ላይኛውን ጫፍ አይንኩ። ነጠብጣቡን በሂል መሣሪያ፣ ማሳሉን በመጨረሻ። ዋናውን ፋይል በቲፍ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ ለቴሌግራም ነው።

ሶፍትዌር መቀየር የሚገባው መቼ ነው? ብዙ ጥቅል ካለዎት ቪውስካን የሚባለው የስካን ሶፍትዌር ይጠቅማል። ኤክስፖዠርን መቆለፍ ስለሚያስችል የአንድ ጥቅል ፍሬሞች ብርሃን አይለዋወጥም። ግራጫውን ከአረንጓዴው ቻናል ብቻ እንዲሠራ ማዘዝም ይቻላል፤ በርካሽ ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ የተሻለ የጠራው እሱ ነው። ጫፎቹን እንዳይቆርጥ ብላክ ፖይንትና ዋይት ፖይንትን 0 ያድርጉ፤ ኢንፍራሬድ ክሊንን፣ ግሬይን ሪዳክሽንንና ሻርፕንን ያጥፉ፤ ውጤቱን 16 ቢት ግሬይ ቲፍ ያድርጉ። ከመግዛትዎ በፊት የሙከራውን ቅጂ ይሞክሩ፤ ምስሉ ላይ ምልክት ያትማል እንጂ ልዩነቱን ያሳያል። ሌላው የስካን ሶፍትዌር ሲልቨርፋስትም ጥሩ ነው፤ ፈቃዱ ግን ከአንድ የስካነር ሞዴል ጋር የታሰረ ነው፤ ነገ ስካነር ቢቀይሩ እንደገና ይከፍላሉ። ለቪ600 አልመክረውም።